ሠዓሊዋ ኬቴ ኮልቪትዝና ፊርማዋ

የኪነ ጥበብ ሰው በአገር ጉዳይ ምን አገባው? የሚሉ አሉ። ሠዓሊው ይሣል፣ ዘፋኙ ይዝፈን፣ ገጣሚው ይግጠም፤ ፖለቲካውን ለፖለቲከኛው ይተዉለት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ብሩሽ የያዘ ሁሉ መፈክር ካልጻፈ ሠዓሊ አይባልም እስከ ማለት ይደርሳሉ። ለዛሬ የመረጥናት ሴት ከሁለቱም ወገን ወቀሳ ሲደርስባት የኖረች ናት። ጀርመናዊት ናት፤ ስሟ ኬቴ ኮልቪትዝ ይባላል። ዕድሜዋ ሰባ ሰባት ዓመት ሲሆን በዚያ ዕድሜ ውስጥ ካይዘሩንም፣ ሪፐብሊኩንም፣ ሂትለርንም አይታለች። ዲሞክራሲ በአገሯ ሲወለድም ሲገደልም በቦታው ነበረች። ስለዚህ በደፈናው ከመከራከር የእሷን ሕይወት መከተል ይሻላል። እዚህ የምናነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬቴ የተወለደችው ጁላይ 8 ቀን 1867 በባልቲክ ባሕር አጠገብ ባለችው በኬኒግስበርግ ከተማ ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ የፕሩሺያ ነበረች፤ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። የእናቷ አባት ዩሊዩስ ሩፕ ቄስ ነበሩ። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጋጭተው ከሥራቸው ሲባረሩ አንገታቸውን ደፍተው አልተቀመጡም፤ የራሳቸውን ነፃ ማኅበረ ምእመናን አቋቋሙ። አባቷ ካርል ሽሚት ደግሞ ሕግ የተማረ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ መንግሥት ሥር ሹም ሆኖ ማገልገል ከአስተሳሰቡ ጋር ስላልገጠመለት ሕጉን እርግፍ አድርጎ ተወና ግንበኛ ሆነ። እንግዲህ ልጅቱ ያደገችው ኅሊና እንጀራ ሊያሳጣ እንደሚችል በሚታወቅበት ቤት ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን የሥነ ጥበብ አካዳሚዎች ለሴት ልጅ በራቸውን አይከፍቱም ነበር። አባቷ ግን ተሰጥዎዋን ቶሎ ተረድቶ ገና በልጅነቷ የሥዕል መምህር ቀጠረላት፤ በኋላም በርሊንና ሙኒክ ወደሚገኙት የሴቶች የሥዕል ትምህርት ቤቶች ላካት። እሷ በበኩሏ የምትሥለውን ያገኘችው ከትምህርት ቤት ውጪ ነው። ኬኒግስበርግ ወደብ ስለ ነበረች ሸክም የሚያወርዱ የሚጭኑ ወዛደሮች ከጠዋት እስከ ማታ ይታያሉ። ልጅቱ እነሱን ቆማ ታያለች፤ ወደ ቤት ስትመለስ እነሱን ትሥላለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኋላ ዘመን ስለዚህ ስትጽፍ፣ መጀመሪያ ወደ ሠርቶ አደሩ የሳባት ርኅራኄም ፖለቲካም አልነበረም፤ ውበት ነበር። በአንድ ተሸካሚ ትከሻ ላይ ያየችውን ውበት በሀብታም ሳሎን ውስጥ አላገኘችውም። ርኅራኄው በኋላ መጣ። ይህን በግልጽ መናገሯ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ብንሆን ከመጀመሪያው ለጭቁኑ አስበን ነው ማለት ይቀናን ነበር!

በ1891 ካርል ኮልቪትዝ የሚባል ወጣት ሐኪም አገባችና በርሊን ገቡ። የሰፈሩት ከከተማው በስተ ሰሜን፣ ወዛደሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ በሚኖርበት ፕሬንትስላወር ቤርግ በተባለው ሠፈር ነው። ካርል የሠራተኞች የሕመም መድን ሐኪም ስለ ነበረ በሽተኞቹ ድሆች ነበሩ። የእሱ ማከሚያና የቤተሰቡ መኖሪያ ያሉት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ለሕክምና የመጡት ሴቶች ወረፋቸውን ሲጠብቁ፣ ወይም ከሐኪሙ ሲወጡ፣ ወደ ሚስቱ ጎራ ይላሉ። ባሌ ሥራ ፈታ፣ ጠጥቶ ይደበድበኛል፣ ልጄ ታመመብኝ፣ ሌላ ደግሞ አርግዣለሁ፤ የማይወራ ነገር የለም። ኬቴ ከዚህ ሠፈር ሃምሳ ዓመት ያህል አልወጣችም። በወደቡ ውበት ብቻ ይመስላት የነበረው አሁን ስምና ታሪክ ያለው ሰው ሆነ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች፤ በ1892 ሐንስን፣ በ1896 ፔተርን።

በ1893 በርሊን ውስጥ አንድ ቴአትር አየች፤ የጌርሃርት ሐውፕትማን ሥራ ነው፤ ርእሱ ሸማኔዎቹ ይባላል። በሳንሱር ለሕዝብ እንዳይታይ በመከልከሉ ለማኅበር አባላት ብቻ የቀረበ ነበር። ታሪኩ በ1844 በሲሌዢያ ምድር ስለ ተነሣው የሸማኔዎች ዓመፅ ነው። ነጋዴዎቹ የሸማውን ዋጋ እየቀነሱ እየቀነሱ ሲሄዱ፣ ረኀብ የገባባቸው ሸማኔዎች ተነሡ፤ ወታደር ተኮሰባቸውና አበቃ። ኬቴ ከቴአትሩ ስትመለስ ሌላ የጀመረችውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አደረገችና አራት ዓመት ያህል በዚህ ላይ ቆየች። ውጤቱ ስድስት ኅትመቶች ናቸው። የመጀመሪያው አንዲት ጠባብ ቤት ያሳያል፤ ውስጧን ሁሉ የሽመና ዕቃ ሞልቶታል፣ ሕፃን አልጋ ላይ ይጣጣራል፣ እናት በሁለት እጇ ራሷን ይዛለች። በመጨረሻው ደግሞ የሞቱት ሰዎች እዚያው የሽመና ዕቃ ወዳለበት ቤት ተሸክመው ሲገቡ ይታያል። በመካከሉ ሰዎች ይመክራሉ፣ ይሰለፋሉ፣ የባለጸጋውን በር ይደበድባሉ።

በ1898 ሥራው በትልቁ የበርሊን ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። ዳኞቹ የወርቅ ሜዳይ ይገባታል ብለው ወሰኑ። ውሳኔው ለማጽደቂያ ወደ ካይዘር ዊልሄልም 2ኛ ቀረበ፤ ካይዘሩ አይሆንም አሉ። በዓመቱ የድሬስደን ከተማ ሜዳዩን ሰጣት። በ1906 ደግሞ ቤታቸው ተቀምጠው ለነጋዴ ስለሚሰፉ ድሆች የተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ነበርና ፖስተሩን ኬቴ ሠራች፤ ድካም የገደላት የአንዲት ሴት ፊት ብቻ ነው ያለበት። እቴጌይቱ ይህ ፖስተር ካልተነሣ ኤግዚቢሽኑን አልጎበኝም አሉ። እስቲ አስቡት፤ ፊት እኮ ነው! መፈክር የለው፣ ባንዲራ የለው። ሆኖም ቤተ መንግሥቱን ረበሸው።

በፕሩሺያ ሕግ መሠረት ሴት ልጅ እስከ 1908 ድረስ የፖለቲካ ማኅበር አባል መሆን አትችልም ነበር። ድምፅ መስጠት ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሸማኔዎቹን በሣለችበት ዘመን ኬቴ ዜጋ ነሽ ብትባልም የዜግነት መሣሪያ በእጇ አልነበረም። የነበራት የመዳብ ሰሌዳ፣ ሊቶግራፍ የሚሠራበት ድንጋይና ወረቀት ነው። በነገራችን ላይ የቀለም ሥዕል ትታ ኅትመት የመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። የዘይት ቅብ ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሀብታም ይገዛውና ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው እንግዳው ብቻ ነው። ኅትመት ግን ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ይወጣዋል፤ ዋጋው ይረክሳል፤ ወዛደርም ይገዛዋል፣ ግድግዳም ላይ ይለጠፋል። ይህን ጽሑፍ ቆሞ የሚያነብ ሰው የግድግዳን ጥቅም ከእኛ መስማት አያስፈልገውም። በዚሁ ዘመን ለጥቂት ዓመታት ቀድሞ ራሷ በተማረችበት ዓይነት የሴቶች የሥዕል ትምህርት ቤት ውስጥ አስተምራለች። ከ1902 እስከ 1908 ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን ስለ ተነሣው የጀርመን ገበሬዎች ጦርነት ሰባት ኅትመቶች ሠራች። ስሟ ገነነ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሌሎች መከራ የምትሥል ሠዓሊ ነው። በ1914 መከራው የራሷን በር አንኳኳ።

ኦገስት 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ያኔ የነበረው የወጣት ስሜት ይህ ነው አይባልም፤ ተማሪው መጽሐፉን እየጣለ ይዘምታል። ትንሹ ልጇ ፔተር አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱም ልዝመት አለ። ነገር ግን ዕድሜው ስላልደረሰ የአባት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሐኪሙ አባት እምቢ አለ። አገር ገና አልጠራህም፣ ተቀመጥ አለው። ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። እናት ባሏን ለመነች፤ አባት ፈቀደ። ፔተር በኦክቶበር ወር ቤልጂግ ውስጥ፣ ወደ ጦር ግንባር በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ተገደለ።

ይህን ታሪክ ስታነቡ እናቲቱን ለመውቀስ አትቸኩሉ። እሷ ራሷን ወቅሳ አልጨረሰችም። ለሠላሳ ዓመት ያህል በማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ ይህ ነገር እየተመላለሰ ይነሣል። መሥዋዕትነት የሚለው ቃል በዚያ በኦገስት ወር ለእሷም ጣፍጧት ነበር። ልጁ አምኖበት ሄደ፤ እሷም የእሱን እምነት አክብራ ለመነችለት። ጦርነቱ ከንቱ ነው ብትል ልጇ በከንቱ ሞተ ማለት ሊሆንባት ነው፤ ጦርነቱ ትክክል ነው ብትል ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ሊሞት ነው። በዚህ መካከል አራት ዓመት ተሠቃየች። በአንድ ቀን ሰላማዊ ሆና አልተነሣችም፤ ቀስ በቀስ፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እያለች፣ እየቆሰለች ነው የደረሰችበት።

የደረሰችበት ቦታ በኦክቶበር 1918 ታየ። ጀርመን ተሸንፋ ልታልቅ ሳምንታት ሲቀሯት ሪቻርድ ዴመል የተባለው ስመ ጥር ገጣሚ በጋዜጣ ጥሪ አወጣ፤ አቅም ያለው ሁሉ በፈቃዱ ለመጨረሻው ፍልሚያ ይዝመት አለ። ዴመል ተራ አውሪ አይደለም፤ እሱ ራሱ በሃምሳ ዓመቱ ገደማ በፈቃዱ ዘምቶ የተዋጋ ሰው ነው። ኬቴ ግን መልስ ጻፈችና ፎርቬርትስ በተባለው የሶሻል ዲሞክራቶች ጋዜጣ ላይ ስሟን አስፍራ አወጣችው። ዴመልን አልሰደበችም፤ ለገዛ ሕይወቱ መወሰኑን አከበረችለት። ነገር ግን አሁን የሚጠራቸው ሽማግሌዎችን አይደለም፤ የቀሩትን ልጆች ነው፤ እነሱ ካለቁ አገር ምን ሊተርፋት ነው ስትል ተከራከረች። መደምደሚያዋን ከታላቁ ደራሲ ከጌተ ወሰደችው፤ ለዘር የተቀመጠ እህል ወፍጮ ቤት እንደማይላክ አስታወሰች። ይህን ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያሻም፤ ቤተሰብ ቢራብ እንኳ ያ ጎተራ የማይነካበት ምክንያት ይታወቃል።

ልብ በሉ፤ ደብዳቤው ሲወጣ ጦርነቱ ገና አላበቃም። የካይዘሩ መንግሥት ገና አልወደቀም። ደግሞም ይህን ስትጽፍ የገዛ ልጇን የመጨረሻ ምኞት በአደባባይ መቃወሟ ነበር። አስተያየቴን ልስጥና፣ ከሠራቻቸው ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ ይህቺ አጭር ደብዳቤ የሠዓሊን የዜግነት ድርሻ ታሳያለች። ሥዕል ለመሥራት ጊዜ አልነበረም፤ ሥዕል ዓመት ይፈጃል። እሷ ያላት ሰው የሚያውቀው ስም ነው፤ ስሟን ፈረመች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካይዘሩ ሸሹ፤ ሪፐብሊክ ታወጀ። ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1919 የሃምሳ አንድ ዓመቷ ኬቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠች። በዚያው ወር የፕሩሺያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል አድርጎ መረጣት፤ ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ፕሮፌሰር ተባለች። ማዕረጉ ደስ ቢላትም ትንሽ አሳፍሯታል።

ግን ያው ወር ሌላም ነገር ይዞ መጣ። በርሊን ውስጥ የተነሣው ዓመፅ ተደመሰሰና የኮሙኒስቶቹ መሪ ካርል ሊብክነኽት ተገደለ። ቤተሰቡ ኬቴን አስጠርቶ አስከሬኑ ካለበት ቦታ መጥታ እንድትሥለው ለመናት። ሄደች፤ ሣለችው። ወዛደሮች ጎንበስ ብለው መሪያቸውን ሲሰናበቱ የሚያሳይ ሥራ ለማውጣት በመዳብ ሞከረች፣ በድንጋይ ሞከረች፣ በመጨረሻ በእንጨት ቀርጻ በ1920 ጨረሰችው። እሷ ግን ኮሙኒስት አልነበረችም፤ ድምፅዋን የሰጠችውም ለሊብክነኽት ተቃዋሚዎች ለሶሻል ዲሞክራቶቹ ነው። ታዲያ አንዱ ወገን ለምን የእነሱን መሪ ትሥያለሽ አላት፤ ሌላው ደግሞ የእኛ ሳትሆኚ በእኛ ሐዘን ምን ጥልቅ አደረገሽ አለ። የእሷ መልስ ባጭሩ ይህ ነበር፦ የሊብክነኽትን የፖለቲካ መሥመር አልከተልም፤ ነገር ግን የሠርቶ አደሩን ሐዘን የማየትና የመሣል መብት አለኝ። አባልነትና ርኅራኄ አንድ አይደሉም ማለቷ ነው። ዛሬም ቢሆን ይህን ልዩነት የሚዘነጋ አይጠፋም።

ቀጥሎ የመጣው የ1920ዎቹ ዘመን የፖስተሮቿ ዘመን ነው። በ1920 የቪየና ሕፃናት በረኀብ ሲያልቁ ፖስተር ሠራች። በማግስቱ ዓመት የቮልጋ አካባቢ ሲራብ ለሩሲያ እርዳታ ሠራች። በ1924 የጀርመን ሕፃናት እራሳቸው ባዶ ሣህን ይዘው ወደ ላይ እያዩ ሲለምኑ ሠራች። እነዚያን ዓይኖች ያየ አይረሳቸውም። በዚያው ዓመት ላይፕዚግ ላይ ለተደረገ የወጣቶች ቀን አንድ ወጣት ቀኝ እጁን ዘርግቶ ሲምል የሚያሳየውንና ጦርነት ዳግመኛ አይምጣ የሚለውን ፖስተር አወጣች። ጦርነት የሚባለውን የሰባት እንጨት ቅርጾች ተከታታይም ያሳተመችው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያ ውስጥ አንደኛው ፈቃደኛ ዘማቾቹን ያሳያል፤ ሞት ከበሮ እየመታ ከፊት ይሄዳል፣ ወጣቶቹ ደስታና ሥቃይ በተቀላቀለበት ፊት ይከተሉታል። ለሞት በጣም የቀረበው ልጅ ፔተር ነው።

ጥበብ ለጥበብ ሲባል ብቻ ይሠራ የሚሉት ሰዎች በዚህ ዘመን ይንቋት ነበር፤ ፖስተር ሠሪ ሆነች አሉ። እሷ አልከፋትም። ሥራዬ ዓላማ አለው፤ ሰዎች እንዲህ ግራ በተጋቡበትና እርዳታ በሚሹበት ዘመን አንድ ነገር ልፈይድ እፈልጋለሁ የሚል ሐሳብ በደብተሯ አስፍራለች። ይህ ማለት ግን እጇ ሰነፈ ማለት አይደለም። አንድን ሥዕል አሥር ጊዜ ትጥላለች፣ እንደገና ትጀምራለች። መልካም ዓላማ ደካማ ሥዕልን ያድነዋል ብላ አታምንም።

አሁን ወደ 1932 እንምጣ፤ የዚያን ዓመት በጋ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል።

ኬቴ ከ1914 መጨረሻ ጀምሮ ለፔተር መታሰቢያ ሐውልት ስታስብ ነበር። መጀመሪያ የሞተው ልጅ ተጋድሞ፣ አባት ከራስጌ እናት ከግርጌ ሆነው ነበር የነደፈችው። አልሆነላትም። በ1919 ተወችው፤ ግን እመለስበታለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ሲመለስላት ልጁ ከንድፉ ወጣ። የቀሩት አባትና እናት ብቻ ናቸው፤ ለየብቻ ተንበርክከዋል። አባት ሁለት እጁን በደረቱ ላይ ግጥም አድርጎ ራሱን አቅፏል፤ እናት አጎንብሳለች። አይተያዩም። አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ልጁ በሕይወት የኖረውን ያህል ዕድሜ ማለት ነው። በጁን 1932 ሐውልቶቹ በርሊን ላይ ለሕዝብ ታዩ፤ በጁላይ ወደ ቤልጂግ ተጓጉዘው ፔተር በተቀበረበት በሮገቬልደ መካነ መቃብር ተተከሉ። ባልና ሚስቱ አብረው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን በርሊን አውራ ጎዳናዎች ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። አስቸኳይ ጥሪ የሚል ርእስ ነበረው። ለጁላይ 31 ምርጫ ሶሻል ዲሞክራቶችና ኮሙኒስቶች ጠባቸውን ትተው በናዚዎች ላይ አንድ ላይ እንዲቆሙ ይጠይቃል። ከፈረሙት መካከል ሳይንቲስቱ አልበርት አይንሽታይን፣ ደራሲው ሐይንሪኽ ማን፣ ሐኪሙ ካርል ኮልቪትዝና ሚስቱ ኬቴ ይገኙባቸዋል።

ሁለቱ ፓርቲዎች አልሰሙም። አንዱ ሌላውን ከሂትለር ይበልጥ ይጠላ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁጥሩን ተመልከቱት። በኖቬምበር 1932 በተደረገው ምርጫ ናዚዎች 196 የምክር ቤት መቀመጫ ሲያገኙ ሶሻል ዲሞክራቶች 121፣ ኮሙኒስቶች 100 አገኙ። ሁለቱ ሲደመሩ 221 ነው። ይህ ለብቻው መንግሥት ለማቆም አይበቃም፤ በመንገዱ ላይ እንቅፋት ለመሆን ግን ይበቃ ነበር። ሳይደመሩ ቀሩ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ።

ለማርች 5 ምርጫ ጥሪው እንደገና ወጣ፤ እነኬቴ እንደገና ፈረሙ። ይህን ጊዜ ግን ሥልጣኑ በናዚዎች እጅ ነው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን የአካዳሚው ፕሬዚዳንት አባላቱን ሰበሰበ። የናዚው የትምህርት ሹም በርንሃርት ሩስት፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ካልወጡ አካዳሚውን እንዳለ እዘጋዋለሁ ብሎ ነበር። ሁለቱ ኬቴ ኮልቪትዝና ሐይንሪኽ ማን ናቸው። ባልደረቦቻቸው ሁሉ በእነሱ ጦስ እንጀራቸውን እንዳያጡ ብለው ሁለቱም ለቀቁ። ከተሰብሳቢዎቹ አንድ ሰው፣ አርክቴክቱ ማርቲን ቫግነር፣ ይህ ግፍ ነው ብሎ በዚያው ስብሰባ ለቀቀ። ሌላው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሲያደንቋት፣ ሲያወድሷት የኖሩ ታላላቅ ሠዓሊዎች ነበሩ እኮ! እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ሰው ዝምታው ምን እንደሚመስል ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይነገራል። አካዳሚ ውስጥ የነበራትን የማስተማሪያ ስቱዲዮና ደመወዟን አጣች። ሐይንሪኽ ማን ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ አይንሽታይን ቀድሞውኑ አሜሪካ ነበር። እሷ ቀረች። ባሏ፣ ልጇ፣ የልጅ ልጆቿ፣ ሠፈሯ በርሊን ውስጥ ናቸው። ሥራዎቿ ከኤግዚቢሽን ይወርዱ ጀመር። በ1936 የሶቭየቱ ጋዜጣ ኢዝቬስቲያ ስለ እሷ ካወጣው ጽሑፍ በኋላ የጌስታፖ ሰዎች ቤቷ መጥተው ማጎሪያ ካምፕ እንደሚያስገቧት አስፈራሯት። ዕድሜዋ ሰባ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ባልና ሚስቱ ቁርጡ ቀን ከመጣ ተይዘው ከመሄድ በገዛ እጃቸው ለመሞት ተስማሙ።

በአደባባይ ተቃውሞ አላሰማችም ከዚያ ወዲያ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ይሸፋፍኑታል፤ መሸፋፈን ግን አያስፈልግም። የ1918ቱ ደብዳቤ የታተመው የሚያትም ጋዜጣ ስለ ነበረ ነው፤ የ1932ቱ ጥሪ የተለጠፈው የሚለጠፍበት ግድግዳ ስለ ነበረ ነው። ጋዜጣውም ተዘጋ፣ ግድግዳውም የናዚ ሆነ። ሴትዮዋ የቀራት ክፍሏ ውስጥ መሥራት ነው፤ ሠራች። የሞተ ልጇን በጉልበቶቿ መካከል አቅፋ የተቀመጠች እናት ሐውልት፣ ትንሽ ናት፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፤ ያኔ ነው የቀረጸቻት። ተጠግተው ልጆቻቸውን የከለሉ እናቶችን የሚያሳየውን ሐውልትም ያኔ ሠራች።

በ1940 ካርል ሞተ። በ1942 መጀመሪያ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሞ የጀርመን ወጣት ሩሲያ በረዶ ውስጥ ሲረግፍ፣ የመጨረሻ ሊቶግራፏን ሠራች። ርእሱ ያው የዘር እህል ነገር ነው፤ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት በጋዜጣ የጻፈችው። አንዲት ያረጀች እናት ክንዶቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ሦስት ልጆችን ከልላለች። ልጆቹ ግን አርፈው አይቀመጡም፤ ዓይናቸው ውጪ ውጪውን ያያል፤ አንዱ ሾልኮ ሊወጣ ነው። ሴትዮዋ ጨክናለች፤ በጉልበት ይዛቸዋለች። በ1914 ኦገስት ያላደረገችውን በወረቀት ላይ አደረገችው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር የሐንስ ልጅ፣ በአጎቱ ስም ፔተር የተባለው የልጅ ልጇ፣ ሩሲያ ግንባር ላይ ተገደለ።

በ1943 የበርሊን ድብደባ ሲበረታ ወዳጆቿ ከከተማ አወጧት። በኖቬምበር የኖረችበት ቤት በቦምብ ነደደ፤ ብዙ ሥራዋና ማስታወሻዋ አብሮ ሄደ። በ1944 ድሬስደን አጠገብ ያለችው ሞሪትስቡርግ ተቀበለቻት። እዚያ ኤፕሪል 22 ቀን 1945 ሞተች። በአውሮጳ ጦርነቱ ሊያበቃ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በርሊን ውስጥ የኖረችበት መንገድ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ያቺ ትንሿ የእናትና የሞተ ልጅ ሐውልት በ1993 ተለቅ ተደርጋ ተሠርታ ለጦርነትና ለግፍ አገዛዝ ሰለባዎች መታሰቢያ በሆነው በኖየ ቫኸ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። ቤልጂግ የነበሩት የወታደር መቃብሮች ደግሞ በ1950ዎቹ ዓመታት ፍላድስሎ ወደምትባል መንደር ተሰበሰቡ፤ ዛሬ ከ25 ሺህ በላይ የጀርመን ወታደሮች እዚያ አርፈዋል። ሁለቱ የድንጋይ ወላጆችም አብረው ተወሰዱ። አባትየው በተንበረከከበት ፊት ለፊት መሬት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የወጣቶች ስም በተርታ ተቀርጾበታል፤ ከስሞቹ አንዱ ፔተር ኮልቪትዝ ይላል።